ለስላሳ ነው ያልኩህ ቮላኖ

ሁሴኔ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ከዚህ ግቢ በሰው ትከሻ ከወጣህ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። መቃብርህ ዘንድ ስመጣ በአፌ የምልህን ሰላም ዛሬ በወረቀት አደረግኩት። በአፌ ልነግርህ ሞክሬ አልሆነልኝም። እዚያ ስቆም ወይ ሰው ይመጣል፣ ወይ ንፋስ ይነሣል፤ ምክንያት አጥቼ አላውቅም። ምላስሽ ከመጋዝ ይስላል ትለኝ ነበር። ለዚህ ነገር ግን ዶልዱሞ ቀረ።

ይህን የምጽፈው እኔው ዘይነባ ነኝ፣ በገዛ እጄ። ሰው ጽፎልኝ እንዳይመስልህ። በዚህ ዕድሜዬ ፊደል ቆጠርኩ። ያስተማረችኝ የሆቴሏ አልማዝ ናት፤ ሆቴል ከመክፈቷ በፊት አስተማሪ እንደነበረች ታውቃለህ። ከምሳ በኋላ ሰው ሲቀንስ በረንዳዋ ላይ እንቀመጥና በሙቀቱ እያላበን እንቆጥራለን። የመጀመሪያ ቀን «ቮን አሳዪኝ» አልኳት። «ምን አለች ደግሞ! እሱ እኮ የገበታው ጭራ ላይ ነው፤ ከጭራ የጀመረ ተማሪ አይቼ አላውቅም» ብላ ሳቀች። ለምን እንደፈለግኩት አልነገርኳትም። በሰፈሩም ተሳቀብኝ፤ ጥርሷ ሲወልቅ ፊደል አማራት አሉ። ይበሉ። የምጽፈውን ነገር በሌላ ሰው እጅ ማስጻፍ አልችልም ነበር። ነውሬን ለማን እጅ እሰጣለሁ?

የቤቱን ነገር አስቀድሜ ልንገርህ፤ ከፍሬ ነገሩ ለመሸሽ እንደሆነም አታጣውም።

ጋራዡን ለባጃጅ ጠጋኞች አከራየሁት። ቀኑን ሙሉ እንደ ጥንዚዛ ሲጮኹብኝ ይውላሉ። መኪና ሥር እየገባህ የምትሠራበትን ጉድጓድ አፈር አስሞላሁት፤ አንድ ሰካራም ወድቆበት እግሩን ከሰበረ በኋላ ነው። አሁን ፓፓያ በቅሎበታል፤ ማንም አልተከለውም። የኒም ዛፉን፣ ቅርንጫፉ የጣራውን ቆርቆሮ እያፋጨ ስላስቸገረኝ፣ አስቆረጥኩት፤ ቆጨኝ፤ ጥላው ካንተ ቀጥሎ የዚህ ቤት ትልቁ ነገር ነበር። ሙቀቱ እንደምታውቀው ነው። የደሴው መንገድ አንዳንድ ጊዜ ይዘጋል፣ አንዳንድ ጊዜ ይከፈታል፤ ሰው ለምዶታል። እኔም ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኛል፤ ወንዙ ማዶ ከሄድኩ ዓመት አልፎኛል። አሮጊት ሆኛለሁ፣ ክፉ አሮጊት። ልጆች ኳሳቸው ግቢዬ ሲገባ ትተውት ይሄዳሉ። ሦስት ኳስ አለኝ።

በቃ፤ ወደ ነገሩ ልግባ።

የስኳር በሽታው የጣቶችህን ስሜት የገደለበትን ጊዜ ታስታውሳለህ። ሽቦ ወግቶህ ደሙ ሱሪህ ላይ ሲንጠባጠብ ያየሁት እኔ ነኝ፤ አንተ ቡሎን እየፈታህ ነበር። «ሁሴን፣ እጅህ» ስልህ እጅህን አየኸው፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። ዓይንህም መደንገዝ ጀምሯል። ሌላ ሰው ቢሆን ቤቱን ይዘጋ ነበር። አንተ ግን ጠራኸኝና የእኔን እጅ በነዳጅ አጥበህ፣ በጨርቅ አድርቀህ ብረቱ ላይ አስቀመጥከው።

እንዲህ ብለህ ነው ያስተማርከኝ። ይሄ ከባድ ክብ ብረት ቮላኖ ይባላል፤ ከሞተሩ ጋር አብሮ ይዞራል። የፍሪሲዮኑ ዲስክ እዚህ ፊቱ ላይ ተጣብቆ ነው የሞተሩን ጉልበት ለጎማው የሚያደርሰው። ጥፍርሽን ከመሃል ወደ ዳር ጎትቺው። ከተንሸራተተ ደህና ነው። ጥፍርሽን ከያዘሽ ፊቱ ተቦርቡሯል፤ ቶርኖ ቤት ሄዶ በማሽን ይላጣል። ሰማያዊ ጠባሳ ካየሽ በሙቀት ተቃጥሏል፤ ይላጣል። ስንጥቅ ከበዛበትና መላጥ ካላዳነው ይጣላል። ሌላ ነገር የለውም ዘይነባ፤ ፊቱን ማንበብ ብቻ ነው።

ያኔ አንድ ፊደል አላውቅም ነበር፤ ያን ብረት ግን አነብ ነበር። ሾፌሮቹ መጀመሪያ ይሳሳቁ ነበር። «ሁሴን ሚስቱን ሐኪም አደረጋት» ይሉ ነበር። በኋላ ግን የእኔን ጣት ሳያዩ መኪናቸውን የማያነሡ ሆኑ። አንተም ከሰው ፊት «እሷ ካለች አለቀ» ትላለህ። ከሰርጌ ቀን ወዲያ እንደዚያ ቀና ብዬ የሄድኩበት ጊዜ አልነበረም።

አዲስ ፍሪሲዮን ገዝቶ ቮላኖውን ማስላጥ ለሚሰንፍ ሾፌር አንድ አባባል ነበረችህ። «አዲስ ሙሽራ ያልተጠረገ ቤት አትገባም!» ትለዋለህ፤ ሁሉም ይስቃል። እኔ ግን አልስቅም ነበር። አስተውለህ ይሆን? እኔ አዲስ ሙሽራ የምትገባበትን ቤት የጠረግኩ ሴት ነኝ። አልወለድኩልህም። አሥራ አንድ ዓመት ጠብቀህ ፈቃዴን ጠየቅከኝ፤ ፈቀድኩ። ሰው ሁሉ ደግ ሴት አለኝ። ከድጃን ካራቆሬ አገባሃት፤ ኑሩን ወለደችልህ። እኔ ስሟን ጠርቼ አላውቅም፤ «የካራቆሬዋ» ነበር የምላት። በፈቀድኩት ነገር ሠላሳ ዓመት ስቃጠል ኖርኩ፤ ያለፈቃዴ ብታደርገው ኖሮ እንኳ ጮኼ ይወጣልኝ ነበር።

ኑሩ ያን ፒካፕ ይዞ የመጣበት ቀን እንዲህ ነበር። አጎቱ ከዱባይ የላከለትን ፍሪሲዮን በካርቶን ይዞ መጣ። ለከባድ ጭነት የሚሆን፣ ንክሻው ከተለመደው የሚጠነክር ነው አለ። ሽንኩርት ጭኖ የጣርማበርን ዳገት የሚወጣበት ነው። አንተ ካርቶኑን እንደ ሕፃን አቅፈህ ዞርክ። ከሞተሩ ላይ አሮጌውን ስትፈታ ስታዜም ሰማሁህ፤ ስታዜም ሰምቼህ አላውቅም ነበር። ፍየል ይታረድ አልክ። ቮላኖው ደብረ ብርሃን ቶርኖ ቤት ሄዶ እስኪመለስ ሦስት አራት ቀን ይፈጃል፣ ልጁ እዚህ ይደር፣ እናቱም ትምጣና ትየኝ አልክ። ከዚያ ለባጃጁ ሾፌር፣ ለሚያልፈው ሁሉ፣ «ዛሬ ጋራዤን ልጄ ሞላው» አልክ።

ሞላው አልክ። እኔ ሃያ ዓመት እዚያ ቆሜ።

ቮላኖውን ተሸክመህ መጣህና ጉልበቴ ላይ አስቀመጥክልኝ። ኑሩ በር ላይ ቆሞ በስልክ ያወራ ነበር። «እስቲ ጣትሽን» አልከኝ። ይላጣል እንደምል ታውቀው ነበር፤ ያን ያህል ጊዜ ጣርማበርን የወጣ ቮላኖ ሳይላጥ አይገጠምም፤ ለወጉ ነው የጠየቅከኝ። ጥፍሬን ከመሃል ወደ ዳር ጎተትኩ። ሦስት ቦታ ያዘኝ። ዳሩ ላይ የጣት አሻራ የሚያህል ሰማያዊ ጠባሳ ነበረበት፣ ከጠባሳው ጎን እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሁለት ስንጥቆች።

«ለስላሳ ነው» አልኩህ።

ቀና ብለህ አየኸኝ። «እርግጠኛ ነሽ? ይሄ እኮ ጠንካራ ፍሪሲዮን ነው፤ የሚነክሰው ፊት ካልተስተካከለ ራሱን ይበላል» አልክ።

«እንደ መስታወት ነው። መላጥ ማሳሳት ነው። ግጠመውና ልጁ በጊዜ ይሂድ» አልኩ።

ጉንጭህን ልታስነካው ትችል ነበር። ጉንጭህ አልሞተም። ያላስነካኸው እኔ ስላለሁ ነው። «እሷ ካለች አለቀ» አልክና ወስደህ ገጠምከው። ኑሩ ሳይመሽ ሄደ፣ ፍየሉ ሳይታረድ። አንተ በር ላይ ቆመህ ፒካፑ ከዓይንህ እስኪጠፋ አየኸው፤ ወደ ቤት ስትገባም አላዜምክም። እኔ ያን ቀን ምሳዬን ጠግቤ እንደበላሁ ልንገርህ። አልጸጸተኝም። ቢበዛ ትንሽ ይንቀጠቀጥበታል ብዬ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ያንንም አላሰብኩም። ከቤቴ እንዲወጣ ብቻ ነው የፈለግኩት።

በሁለተኛው ሳምንት የእናቱን ሽንኩርት ጭኖ ወጣ። የከድጃ የዓመት ልፋት ነበር። ከደብረ ሲና በላይ ዳገቱ መሃል ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ጀመረ፤ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው አይሄድም። ሽታው የተቃጠለ ጎማ ሆነ አለ። ጎማ ሥር ድንጋይ ወትፈው ሁለት ቀን በዚያ ጉምና ዝናብ ቆመ። ጫኝ መኪና ሲያጣ ሽንኩርቱ ከላይ በሰበሰ፣ ከሥር ሞቆ በቀለ። ለላም ሰጡት።

መኪናውን ጎትተው ሲያመጡት፣ ካምቢዮው ወርዶ ቮላኖው ሲወጣ፣ ሦስት መካኒክና አራት አምስት ሾፌር ቆመው ነበር። እኔ ከበሩ ኋላ ነበርኩ። ብረቱን አነሣህና ቀስ ብለህ ጉንጭህን አሳረፍክበት። ዓይንህን ጨፈንክ። ከዚያ ዓይንህን ገልጠህ እኔ ወዳለሁበት አየህ፤ ሰው ሁሉ ብረቱን እያየ አንተ እኔን አየህ።

«የእኔ እጅ ነው የሳተው» አልክ።

ኑሩ ጮኸ። «አባዬ፣ ካልታየህ አልታየኝም በል! በልጅህ ላይ ነው የምትለማመደው? ወይስ ሽንኩርቱን እናቴ የሰው እርሻ ላይ የለቀመችው መሰለህ?» አለህ። አንገትህን ደፋህ። ከበሩ ኋላ ወጥቼ አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። አልወጣሁም። እንዲያውም፣ አላህ ያውቃል፣ በልጅህ ስትዘለፍ ልቤ ትንሽ ደስ ብሎታል። ይህችን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ እጄ ቆሞብኝ ነበር። አልሰርዛትም።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንተ ኖረኸዋል። «የሁሴን እጅ ሞቷል» ተባለ። ፍሪሲዮን የሚሠራበት ሰው ወደ ሌላ ጋራዥ ሄደ። ከሸዋ ሮቢት እስከ አጣዬ ሾፌር ሁሉ የሚያውቅህ ሰው ሁለት ዓመት ጎማ ስትለጥፍ ኖርክ፣ ባልዲ ውሃ አጠገብህ አስቀምጠህ። ኑሩ ከዚያ ወዲያ ይህን በር አልረገጠም። ዒድ ሲመጣ ፒካፕ ባለፈ ቁጥር አንገትህን ታነሣ ነበር። እኔ ይህን ሁሉ በየቀኑ አይ ነበር። ምሳህን አቀርባለሁ፣ መድኃኒትህን እሰጣለሁ፤ ሰው «ዘይነባ ባሏን እንዴት ታስታምማለች» ይላል።

ጣቴን ዳግመኛ አልጠየቅከኝም። አልተቆጣኸኝም፣ አልዘለፍከኝም። አንድ ቀን ብቻ፣ ባልዲው አጠገብ ተቀምጠህ፣ ወደ እኔ ሳትዞር «ጣትሽ አይሳሳትም ነበር» አልክ። ሌላ ምንም አልጨመርክም። እኔም «የዛሬው ውሃ ቆሽሿል፣ ልቀይርልህ» ብዬ ባልዲውን ይዤ ሄድኩ። እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ተሳስታለች ብለህ ነው ወይስ ዋሽታኛለች ብለህ? የትኛውን ይዘህ እንደሄድክ ብታሳውቀኝ ኖሮ እላለሁ፤ ደግሞ ባታሳውቀኝ ይሻለኛል እላለሁ።

አሁን ከሁሉ የከፋውን ልጻፍ።

የቀብርህ ቀን ጀናዛህ ግቢያችን ውስጥ ወርዶ ሳለ ሼህ ኢብራሂም እንደ ደንቡ ጠየቁ። «ጀማዓው! ይህ ሰው ወደ ጌታው እየሄደ ነው። ሐቅ አለኝ የሚል ካለ ይናገር፤ ይቅር የሚልም አውፍ ይበለው» አሉ። ሰው ሁሉ አውፍ ብለናል፣ አውፍ ብለናል አለ። ከዚያ ኑሩ ከኋላ ወደፊት ወጣ። ለቀብር ብሎ መጥቶ ነበር። ድምፁ ሲሰነጠቅ ሰማሁት። «በእኔና በእናቴ ላይ የሠራውን አውፍ ብያለሁ። አላህም አውፍ ይበለው» አለ። ሰዉ አለቀሰ። ጥሩ ልጅ ወልዷል አሉ።

ሁሴኔ፣ በገዛ ግቢህ ውስጥ፣ ተከፍነህ በተኛህበት፣ ባልሠራኸው ሥራ በልጅህ ተማርክ። የሠራሁት እኔ ከሴቶቹ መሃል ተቀምጬ ነበር። ሼሁ ጠይቀው ነበር እኮ፤ ደንቡ ለዚህ ነው የተሠራው። ማንም ሴት ከዚያ ተነሥታ ብትናገር «ሐዘን አሳበዳት» ብለው ቢያስቀምጧት እንኳ ተናግራለች። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ ጎትቼ ዝም አልኩ። ምሕረቱን አሸክሜ ቀበርኩህ።

ከዚያ ዓመት ቆይቼ ነው ፊደል የጀመርኩት። መጀመሪያ ያሰብኩት ይህን ጽፌ በመቃብርህ አፈር ውስጥ ልቀብረው ነበር። ይህም ተንኮል ነው፤ ለሞተ ተናግሮ ከሕያው መደበቅ። ነገሩን ያበላሸብኝ ራሱ ፊደሉ ነው። ማንበብ የጀመረ ሰው የሚያየውን ሁሉ ማንበብ አያቆምም፤ ሳሙናውን፣ የዘይቱን ጀሪካን፣ የሱቁን በር። እኔም በዋናው መንገድ እያነበብኩ ስሄድ ባጃጆች የሚቆሙበት አካባቢ አዲስ ቆርቆሮ ላይ የተጻፈ አየሁ። ፊደል በፊደል ለቀምኩት። «ኑሩ ቶርኖ ቤት» ይላል።

ልጅህ ፒካፑን ሸጦ፣ አዲስ አበባ ሄዶ የቶርኖ ሥራ ተምሮ፣ አሮጌ ማሽን ገዝቶ መጥቷል። ቮላኖ ለማስላጥ ደብረ ብርሃን መውጣት ቀረ። ከአጣዬም ከካራቆሬም ወደ እሱ ያመጣሉ። ከሁሉም ሥራ ይህን ለምን እንደመረጠ ለመረዳት ማሰብ አላስፈለገኝም።

ከጎኑ ያሉትን ሰሌዳዎች አነበብኩ። የልብስ ሰፊው ሰሌዳ ስምና ያባት ስም አለው። የመድኃኒት ቤቱም፣ የቀለም ሱቁም። የኑሩ ብቻ ያባት ስም የለውም። የሰሌዳ ጸሐፊውን ጠየቅኩት። «ያባቱን ስም ልጨምር ብዬው ነበር እትዬ፤ ‹ቮላኖ ሳያስልጥ የገጠመ ሰው ስም ቶርኖ ቤት ላይ ተጽፎ ማን ይመጣል?› አለኝ» አለ።

ቆሜ ቀረሁ። ባጃጆቹ ጡሩምባ ሲነፉብኝ ነው የነቃሁት።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ከአስር ሰላት በኋላ፣ ሼህ ኢብራሂምን ይዤ ሄድኩ። እርጅና አጉብጧቸዋል፤ ለምን እንደምወስዳቸው አልጠየቁኝም። ሁለት ሾፌሮች ሥራቸውን እየጠበቁ ነበር። ኑሩ ማሽኑ ላይ ነው፤ ቮላኖ እየዞረ ከፊቱ እንደ ፀጉር የቀጠነ ብረት እየተላጠ ይወድቃል። ሲያየኝ ማሽኑን አጠፋና በደንብ ሰላም አለኝ፤ ወንበር በጨርቅ ጠርጎ ሰጠኝ። ጨዋ ነው። ከድጃ በደንብ ነው ያሳደገችው። ስሟን ጻፍኩት፤ አየህ?

«ተቀመጪና ተናገሪ ዘይነባ» አሉኝ ሼሁ።

«ቆሜ ይሻለኛል» አልኩ። ከዚያ ተናገርኩ። ዳገት ላይ ያስቀረህን ቮላኖ ሳይላጥ ያስገጠመው አባትህ አይደለም፣ እኔ ነኝ፤ ጣቴ አልሳተም፣ አፌ ነው የዋሸው፤ እቤቴ እንዳታድር ብዬ ነው አልኩት። አባትህ ያወቀ ይመስለኛል፤ አውቆ ነው በራሱ ላይ የወሰደው አልኩት። ይህን ለመናገር ያን ያህል ዓመት ፈጀ፤ ሲነገር ግን ፍሬን የመርገጥ ያህል እንኳ አልፈጀም። ከሾፌሮቹ አንዱ «ላ ሐውለ!» አለና ወጣ። ሌላው መሬት መሬት አየ።

ኑሩ ይጮሃል ብዬ ጠብቄ ነበር። ያንተ ልጅ ነው፤ አልጮኸም። «ቮላኖው ምን ነበረበት?» አለኝ።

«ሦስት ቦታ ጥፍሬን ይዞኛል» አልኩት። «ዳሩ ላይ አንድ ሰማያዊ ጠባሳ፣ ከጎኑ ሁለት ስንጥቅ።»

«እስካሁን ያስታውሱታል?»

«ከጣቴ ላይ አልወጣም።»

እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ፤ እጁ ግን ንጹሕ ነበር። ከዚያ ወደ ሼሁ ዞረ። «ሼሁ፣ ያን ቀን እርስዎ ፊት አባዬን አውፍ ብዬዋለሁ። ቃሌን መልሼ ወስጃለሁ። እሱ አውፍ የሚባልበት ነገር አልነበረውም፤ አውፍ በለኝ ብዬ የምለምነው እኔ ነኝ» አላቸው። ወደ እኔ ሲዞር ዓይኑ ቀልቷል። «የአንቱን ግን እትዬ ዘይነባ፣ ገና አልሰጠሁም። እንዲሁ ከአፌ አውጥቼ አልሰጥም። አንዴ ያለቦታው ሰጥቻለሁ» አለኝ።

ሼሁ ሊያስታርቁን አፋቸውን ከፈቱ። «ይተዉት፣ ልክ ነው» አልኳቸው። በሕይወቴ ለአንድ ሰው ልክ ነው ያልኩባቸው ቀኖች ጥቂት ናቸው።

በማግሥቱ ከጁሙዓ በኋላ ወደ አንተ መጥቶ እንደነበረ ሰምቻለሁ። ምን እንዳለህ አንተ ታውቃለህ። ለብቻው ነው የመጣው፤ ብዙ ቆየ አሉ። ከሳምንት በኋላ የሰሌዳ ጸሐፊው መሰላሉን አቁሞ ስሠራ መጥተው ይዩ ብሎ የገዛ ልጁን ላከብኝ፤ አልሄድኩም። ሲጨርስና ሰው ሲበተን ሄድኩ። «ኑሩ ሁሴን ቶርኖ ቤት» ይላል። ቀለሙ አዲስ ስለሆነ የአንተ ስም ከሌላው ይደምቃል። ከመንገዱ ማዶ ቆሜ አነበብኩትና ተመለስኩ። ኑሩ ከውስጥ አይቶኛል መሰለኝ፤ አልጠራኝም።

ወሬው ከተማውን ዞሯል። አንዳንዱ ሰላምታዬን አይመልስም። አልማዝ ለሁለት ቀን በረንዳዋ ላይ አላስቀመጠችኝም፤ በሦስተኛው ቀን «ነይ፣ የጀመርሽውን ጨርሺ» አለችኝ፤ ይህ ወረቀት እሱ ነው። አውፍ በለኝ ብዬ አልጽፍልህም። በሕይወት ያለው ሳይሰጠኝ ከሞተው ብጠይቅ አቋራጭ ፍለጋ ይሆንብኛል።

ትናንት መናኸሪያው አጠገብ የድሮ ሾፌር፣ ጢሙ የሸበተ፣ ትክ ብሎ አየኝና «የመካኒኩ የሁሴን ባለቤት አይደለሽም እንዴ? ያ እጁ የሞተው» አለኝ። ድሮ ቢሆን አንገቴን አቀርቅሬ አልፈው ነበር። ቆምኩ። «እጁ አልሞተም። ከጣቶቹ በቀር የሞተ ነገር አልነበረውም። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ሚስቱ» አልኩት። ሰው ሰማ፣ ሴቶች ዞር ብለው አዩኝ፣ ፊቴ ነደደ።

ሁሴኔ፣ እኔ አንተን የማስታውሰው ከእንግዲህ እንዲህ ነው። የጠየቀኝን ሁሉ ቆሜ እመልሳለሁ፤ ያልጠየቀኝንም ስምህን በክፉ ሲያነሣ ከሰማሁት አስቁሜ እነግረዋለሁ፤ ፊቴ በነደደ ቁጥር አንተ ትዝ ትለኛለህ።

ዘይነባ